ዘፋኟ በግራ በኩል ነበረች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የሳምንቱን አምድ ጨረስኩ። አምስት ነጠላ ዜማ፣ ከነሪሚክሶቻቸው። አራቱ ያው ናቸው... ምቱ ይነሳል፣ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ዱብ። የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የሚሠሩት ሰዎች እንዴት አይሰለቻቸውም? እኔ ሲሰለቸኝ እጽፈዋለሁ፤ ሥራዬ ነው።

አምስተኛው ግን! ቁንጫ የሚሉት ዲጄ የሰው ዘፈን አፍርሶ የሠራው ሪሚክስ ነው። (ሲያጫውት ስለሚዘል ነው ስሙ።) ዋናው ዘፈን ላይ አንዲት ዝነኛ ዘፋኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትጮኻለች። እሱ ድምጿን ጠቅልሎ አውጥቶ ጣለው። ቤዝና ከበሮ ብቻ፣ መሃሉ ባዶ... አንጀቴን አራሰው። "በመጨረሻ ዘፋኝን ውጪ የሚል ወንድ ተገኘ" ብዬ ጻፍኩ። አምስት ኮከብ! አምስት ኮከብ ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠሁት መቼ ነው? ልጄ ትምህርት ቤት ሳትገባ መሰለኝ።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ማዳመጫዬን ደፍቼ፣ ሻዬ ቀዝቅዞ። እንዲህ ያለ ቀን ሥራዬን እወደዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጉድ ፈላ።

መጽሔቱ ትናንት ወጣ። ዛሬ ልጄ ከትምህርት ቤት ገባች፤ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣

"እማዬ፣ ያንን የቁንጫን ሪሚክስ በደንብ ሰምተሽዋል?"

"አስር ጊዜ።"

"ዘፋኟ እኮ አለች።"

"የት አለች?"

"በግራ በኩል። ሙሉውን ትዘፍነዋለች።"

ሳቅኩባት። ማዳመጫዬን ደፋሁ። ከበሮ፣ ቤዝ፣ ሌላ ምንም። መጥታ ገልብጣ አደረገችልኝ፤ የግራውን በቀኝ... ክው አልኩ። ሴትዮዋ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ቆማ ትዘፍናለች! ቁንጫ ምንም አልጣለም። እሷን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ነው የከፈለው።

"ማዳመጫው ተበላሽቶ ነው" አልኩ። ልጄ ራሷ አድርጋ ሰማች። "አልተበላሸም፣ እማዬ።" ቀስ ብላ ነው ያለችው። አነጋገሯ ነው ያስፈራኝ።

ለካ ከትናንት ጀምሮ ሰው ሲስቅብኝ ውሏል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔማ ባሰበት። አንባቢዎች የጻፉትን አየሁ። "ሃያሲዋ የምትጽፈው በእንቅልፍ ልቧ ነው።" "አንዲት ዘፋኝ ጠፍታለች፣ ያገኘ ይመልስ።" ይቺ እንኳን ጥሩ ናት። ስቄያለሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ድምፅ ስሰማ ቁልፍ መጫን ነው። በቀኝ በኩል ቶሎ ቶሎ ተጫንኩ። እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ዝም አለ። እጠብቃለሁ... እጠብቃለሁ... በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ የሐኪሟ እጅ እየሠራ ነው። ለካ እየላከችልኝ ነው።

"ግራው መስማት ካቆመ ቆይቷል" አለች። "አይመለስም። ቀኝዎ ግን ደህና ነው።"

"እንዴት ሳላውቅ?"

"ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው። ሌላኛው ይሸፍንለታል። ሥራዎ ምንድን ነው?"

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "የጭፈራ ሙዚቃ?... ሌላ ሥራ ቢያስቡስ?"

"አላስብም።"

አፌ ቀድሞኝ ነው። ተቆጣች፤ ልጅ ብትሆንም ቁጣው ያምርባታል። ጮክ ያለ ድምፅ አጠገብ ያለ ጆሮ መሰኪያ እንዳልቆም፣ የቀረችኝን እንድጠብቃት አዘዘችኝ። ይህንን እሰማታለሁ።

ፈርቻለሁ። ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ልበለው። ቀኙም ቢከተልስ? የልጄን ድምፅስ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አለቃዬ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። ይህ ሰው በር ከዘጋ ደግ ነገር የለም።

ቀድሜ ነገርኩት። "ግራ ጆሮዬ አይሰማም።" ከዚያ ያ የማልወደው ለስላሳ ድምፁ መጣ። "እህቴ፣ ብዙ ደክመሻል። አምዱን ለባለ ኮፍያው እንስጠውና አንቺ ቃለ መጠይቅ..."

ለባለ ኮፍያው! ያ ሁሉን አመስጋኝ ባልደረባዬ! ለሱ መጥፎ ዘፈን ገና አልተወለደም። ልጄ በእጄ ላይ እያለች፣ በአንድ እጄ ጡጦ በአንድ እጄ ብዕር ይዤ ያቆምኩትን አምድ?

"እምቢ።"

"ዓይኑ የማያይ ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንድ ዓይን ያለው አይቻለሁ። ካንተ ይሻላል።" መኪናውን ሁለቴ አጥር ላይ የሰቀለ ሰው ስለ ሹፌር ያወራልኛል!

ሳይወድ ሳቀ። ግን አልለቀቀኝም። "ቢያንስ ይቅርታ ጠይቀሽ በክብር ልቀቂ።"

"ስህተቴን በስሜ አርማለሁ። መልቀቅ ግን ወይ ፍንክች!"

"እስከ ሰኞ አስቢበት" አለኝ። ምኑን ነው የማስበው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ንዴት። ዛሬ ሌላ የሚጻፍ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሳህን እያጠብኩ ገባኝ። ሳህኑን ጥዬ ቆምኩ።

የጭፈራ ሙዚቃ ነው እኮ! ቆሜ የሰማሁት መቼ ነው? ዓመታት... ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ማዳመጫ። ጭፈራ ቤት ውስጥ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም። ሰው ይዞራል፣ ይጋፋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ወገን ቀላቅለው ከሁሉም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚለቁት። ይህን ለሰው የማስረዳው እኔ ነበርኩ! እዚያ ሄጄ ብሰማው ኖሮ ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ትጮኽብኝ ነበር። ጥፋቴ ጆሮዬ አይደለም። ቁጭ ማለቴ ነው።

እጄን ሳልጠርግ ወጣሁ ማለት ይቻላል። የጭፈራ ቤቱ ባለቤት የድሮ ጓደኛዬ ናት። ቀን ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ወለሉ ገና እርጥብ ነው። "ዝቅ አድርገሽ ክፈቺልኝ" አልኳት። ቀኝ ጆሮዬን መሰኪያ አደረግኩለት፤ ቃል ቃል ነው። የቁንጫን ሪሚክስ ለቀቀችው። ቤዙ በጫማዬ ገባ፣ ጉልበቴን አለፈ፣ ደረቴ ላይ ደረሰ። ዘፋኟም መጣች። እውነት ለመናገር... እሷ ስትኖር ዘፈኑ ሦስት ኮከብ ነው።

ጨፈርኩ። በቀን፣ ብቻዬን፣ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ።

"አበድሽ እንዴ?" አለችኝ ከባንኮኒው።

"ገና ነው!"

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አለቃዬን እጁን ይዤ ጭፈራ ቤቱ ወሰድኩት። እሱ ግድግዳ ተደግፎ፣ እጁን አጣምሮ፤ እኔ መሃል ወለል ላይ። የዚህን ሳምንት አንዱን ነጠላ ዜማና ሦስቱን ሪሚክሶቹን አሰማሁት። "የመጀመሪያው ከበሮውን ትንሽ ያዘገየዋል፣ ሰው እግሩ ይጠፋበታል። ሁለተኛው ከዋናው የተለየው ርዝመቱ ብቻ ነው፣ ሌብነት ነው። ሦስተኛው ግን ቤዙን እንዴት እንደሚያስጠብቅህ ስማ... አሁን!"

"እኔ አንድ ናቸው የሚመስሉኝ" አለ።

"በሁለት ጆሮህ!"

ራሱን አከከ። "አንባቢስ ምን ይላል?"

"አልደብቀውም። አምዱ አናት ላይ በየሳምንቱ ይጻፍ። የምትጽፈው በአንድ ጆሮዋ የምትሰማ ሴት ናት፣ ሁሉንም ቆማ ሰምታዋለች።"

"በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል ብለው ቢያሾፉብሽስ?"

"የኔ መውጫ የለውም። የገባው እዚያው ይቀራል።"

አንድ ወር ሰጠኝ። ዳግመኛ ከተሳሳትኩ አምዱ የባለ ኮፍያው ነው። ተጨባበጥን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

እርማቱ ወጣ። አምስቱ ኮከብ ሦስት ሆነ፣ ምክንያቱም ተጻፈ። የሚሳደብ አለ፣ "አይዞሽ" የሚል አለ። "አይዞሽ"ው ነው የባሰ የሚያናድደኝ። ታምሜ ተኝቻለሁ እንዴ?

ልጄ ሳልነግራት እራት ላይ በቀኜ መቀመጥ ጀምራለች። ውድድ ነው ያደረግኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ቁንጫ መልእክት ላከ! "የሰሙት ሪሚክስ እኔ ከሠራሁት ይበልጣል። ስለዚህ እርስዎ የሰሙትን ሠራሁት።" ዘፋኟን እውነትም አውጥቷታል። መታሰቢያነቱም ለእኔ ነው ይላል። አለቃዬ ደስታውን አልቻለም። "ገላገለን! አመስግኚው፣ ነገሩ በሰላም ይለቅ።"

እኔም ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ማን መታሰቢያ ሰጥቶኝ ያውቃል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ጭፈራ ቤት ሄጄ ሰማሁት። ቆሜ። ደግሜ። ጓደኛዬን ጠርቼ እሷንም አቆምኳት።

አይሆንም... ልጁ ድምጿን አወጣና ባዶውን ፈራው። ክፍተቱን በሲንተሳይዘር ጠቀጠቀው፣ ጭብጨባ ጨመረበት፣ ፉጨት ሁሉ አለው። ያ እኔን የገደለኝ ዝምታ የለም። ጓደኛዬ ከግማሹ በኋላ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

አለቃዬ ጽሑፉን አንብቦ ቀላ። "አንድ ኮከብ? ለአንቺ ብሎ እኮ ነው የሠራው!"

"ለእኔ ብሎ ከሆነ ጥሩ አድርጎ ይሥራዋ።"

"አልሰማችም ይሉሻል። ያኔ ላድንሽ አልችልም፣ ገባሽ? አምዱ ይሄዳል።"

ገብቶኛል። በውሸት አምስት ኮከብ ከያዝኩት ግን አምዱ ዛሬውኑ ሄዷል፣ ስሜ ብቻ ነው የቀረው። "እንዳለ አትመው" አልኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ትናንት ወጣ። ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ የአለቃዬ ስልክ ጮኸ። ሰማ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ዞሮ መጥቶ በቀኜ በኩል ሰጠኝ። "ቁንጫ ነው። አብዷል።"

ያ ሁሉ "እርስዎ" ጠፍቷል። "አንቺ ሴትዮ! እኔ ላከብርሽ... መታሰቢያ ሰጥቼሽ! በዚያ በአንድ ጆሮሽ ምን ሰምተሽ ነው?"

"ልጄ" አልኩት፣ "በሁለቱ ብሰማው ኖሮማ ሁለቴ ይሰለቸኝ ነበር!"

ከዚያ ሳይወድ ፍርስ ብሎ ሳቀ። "ያ ፉጨት... በዝቷል አይደል?" አለኝ። "አውጣው" አልኩት። "ጭብጨባውንም። ከዚያ ላክልኝ፣ መጥፎ ከሆነ ደግሜ እጽፈዋለሁ።"

ስልኩን ዘጋሁ። አለቃዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን ጠርጎ ቀና አለ። "የወሩ ነገር ቀርቷል። አምዱ ያንቺ ነው። አሁን ከቢሮዬ ውጪልኝ!"

ወጣሁ። ስድስት አዲስ ዜማ አለኝ፤ ነገ ከሰዓት ቆሜ እሰማቸዋለሁ።