የጠፋችው ኮከቤ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2009፣ ገላን ኮንዶሚኒየም

ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት የሳተላይት መረጃ ዛሬ ደረሰኝ። የማጠናት ኮከብ በኃይለኛ ስበቷ የጎረቤት ኮከቧን ጋዝ እየሳበች የኤክስሬይ ጨረር ትረጭ ነበር። አሁን ግን ምንም የለም፤ ጠፍታለች።

ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ አባዬ ፊቴን አይቶ፣ "ምን ሆነሻል?" አለኝ። ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሁሉንም ነገርኩት።

"ሞተች ማለት ነው?"

"አልሞተችም፣ አባዬ። ጎረቤቷ ጋዝ መስጠት አቁማ ነው። መቼ እንደምትመለስ ማንም አያውቅም።"

ወደ በረንዳው ወጣና፣ "በየት በኩል ናት?" አለኝ። ከቃሊቲ ፋብሪካዎች መብራት በላይ ጨለማውን አሳየሁት። እኔም በዓይኔ አይቻት እንደማላውቅ ነገርኩት። እንዴት እንደናፈቀችኝ ግን መናገር አፈርኩ።

ባርኔጣውን አውልቆ ጨለማውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ስትመለስ፣ ተኝቼም ቢሆን ቀስቅሺኝ" አለኝ።