ኑሩን መንገድ አልበላውም

ኑርዬ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ አላህ ያለህበትን ያስፋልህ። ከተለያየን ሦስተኛው ረመዳን ሊገባ ነው። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት የምነግርህ አጥቼ አይደለም። ልጽፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ንዴቱ ይቀድመኝና ብዕሩን አስቀምጠዋለሁ። ዛሬም አልበረደልኝም። ካልጻፍሁት ግን የሚበርድልኝ አልመሰለኝም።

ቤታችን ደህና ነው። ሰፈራችን ፀዳ አንተ የምታውቀው ፀዳ አይደለም፤ ከግቢያችን ጀርባ ጤፍ ይዘራበት የነበረው ሜዳ ቤት በቤት ሆኗል፣ ባጃጅ እስከ በራችን ይመጣል። ጎንደር ፒያሳ ያለውን የጨርቅ ሱቅህን እኔው ይዤዋለሁ። ጨርቅ ስለካ እጄ እንዳንተ አይፈጥንም፤ ደንበኞችህ ግን አልተዉኝም። ልጃችን ሰሚራ ቁመቷ በልጦኛል። ስትናደድ እንዳንተ ዝም ትላለች። እኔ ዝም ማለቱን አልቻልሁበትም።

በለቅሶህ የተባለውን ልንገርህ። አንተ የሞትኸው በገዛ አልጋህ፣ ራስህ ባሠራኸው ቤት፣ ጉበትህ ታሞ ነው። በመጨረሻው ዓመት ከፒያሳ አልፈህ አልሄድህም። አልጋህን ያነጠፍሁ እኔ አውቃለሁ፤ ታላቅ ወንድምህ አያ ይማምም ያውቃል፣ ሐኪም ቤት ያመላለሰህ እሱ ነውና። እንዲያም ሆኖ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ለመጣው ሰው ሁሉ «ወንድሜን መንገድ በላው» ይል ነበር። «አርፎ ሱቁን ቢጠብቅ፣ የሰው አገር ቋንቋ ሲለቃቅም ባይኖር፣ ዛሬ ከኛ ጋር ነበር» ይላል። ሰውም ከንፈሩን ይመጥለታል። እኔ ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ጥርሴን ነከስሁ። ሐዘንተኛ ነኝ፣ ወጥቼ ምን ልበል?

ስለ አንተ መንገድ ምን ያውቃሉ? ሱዳን፣ ገዳሪፍ የወሰድኸኝን ጊዜ አስበው። መተማን አልፈን፣ በጭነት ማኪና ተሳፍረን፣ አቧራ ለብሰን ገባን። አንተ በልጅነትህ ቁርኣን ቤት የቀራኸውን ዓረብኛ ይዘህ ወደ አንዲት ዳቦ ሻጭ ቀረብህና ቃሉን አሳምረህ «ኡሪዱ ኹብዘን»፣ ዳቦ እፈልጋለሁ፣ አልሃት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችህና የሆነ ነገር ተናገረች፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ምን አለች ብዬ ብጠይቅህ፣ «ሼኹ፣ የጁምዓውን ኹጥባ ሰብከህ ስትጨርስ ተመለስ፤ ዳቦውን ያን ጊዜ እሸጥልሃለሁ አለችኝ» ብለህ አንተም ሳቅህ። ሌላ ወንድ ቢሆን አፍሮ ይሄድ ነበር። አንተ አጠገቧ ቁጭ ብለህ፣ እዚያ አገር ዳቦ «ዐይሽ» እንደሚባል፣ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሚቀላለድ፣ ዋጋ ሲወደድ ምን እንደሚባል ስትጠይቃት ዋልህ። በማግሥቱ በዚያ ስናልፍ በስምህ ጠራችህ፤ ለእኔም ሻይ አስመጣችልኝ። «ቋንቋ ሳይዝ አገር የሚሄድ ሰው እንደ ሻንጣ ነው» ያልኸኝ ያን ለት ነው። «ይጭኑታል፣ ያወርዱታል፤ የት እንደዋለ ግን አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ ፈረንሳይኛው መጣ። ባሕር አይተህ አታውቅም ነበር፤ ጅቡቲ ወርደን እናያለን አልህ፤ ግን እንደ ሻንጣ አንሄድም አልህ። ካሴቱንና ያን ወፍራም መዝገበ ቃላት ከአዲስ አበባ አስመጣህ። ከአስር ሰላት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ቴፑን ከፍተህ ትደግማለህ። ያቺን ከጉሮሮ የምትወጣ ድምፅ ስትለማመድ አንድ ገበሬ ጋቢ ሊገዛ ገብቶ «ምነው ዝም ትላላችሁ፣ ሰውየው ታነቀ እኮ፣ ውሃ ስጡት» ያለውን አትረሳውም። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ከአፍህ እየነጠቅሁ እደግም ነበር። ሰሚራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጥታ ትቀመጣለች። ዓረብኛውንም ከአንተና ከሱዳን ደንበኞችህ ለቅማ ይዛው ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለታችንንም ጥላን ሄደች፤ አንተም ደስ እያለህ ተሸነፍህ። ጅቡቲ ሳንወርድ ግን በሽታህ ቀደመን።

እንግዲህ ያንን ምን እንዳደረጉት ስማ። እኔ የሐዘኔን ወራት፣ ዒዳዬን፣ ተቀምጬ ከቤት በማልወጣበት ጊዜ አያ ይማም ሱቁን ላጽዳው ብሎ ቁልፉን ወሰደ። ዒዳዬን ጨርሼ ስወጣ መጀመሪያ የሄድሁት ገበያ ነው። ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ። ቤት ገብቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የአንተ የእርሳስ ጽሕፈት ነው። «ላ ጋር፦ ባቡር ጣቢያ። የአዲስ አበባው ለገሃር ለካ ይኼ ነው» ብለህ ከፈረንሳይኛው ጎን ጽፈሃል። ቅመሙን እንኳ አላነሣሁትም፤ ነጠላዬን ጎትቼ ወደ ገበያው ተመለስሁ። መዝገበ ቃላቱ ግማሹ ተቀድዶ አልቋል። ቅመም ሻጯ ምን ታድርግ፣ አያ ይማም ነው የሰጣት። የቀረውን ሰብስቤ ይዤ እሱ ዘንድ ሄድሁ። «ወረቀት ነው እኮ፤ ሟች አያነበውም» አለኝ። «እኔ አነበዋለሁ» አልሁት። ሳቀ፣ ኑርዬ። በፊቴ ሳቀብኝ።

በዚህ ቢበቃው ምን ነበር። ሰሚራ አንዲት መምህርት ዘንድ ፈረንሳይኛ ትማር ነበር። እኔን ሳይጠይቅ፣ ልጅቷን ሳይጠይቅ፣ መምህርቷ ቤት ሄዶ «ትምህርቱን አቁማለች» ብሎ መጣ። ሰሚራ ደርሳ ከበር ተመለሰች። ያን ቀን ማልቀሱን ትቼ ሽማግሌ ጠራሁ። አያ ይማም የአባቷ ወንድም መሆኑን፣ ለቤታችን ስም የሚያስብ መሆኑን ሲናገር ቆየና «ሴት ልጅ ቋንቋ ስታበዛ አገር ታበዛለች» አለ።

«ታብዛ» አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ወደኔ ዞሩ። «ኑሩን መንገድ አልበላውም» አልኋቸው። «ኑሩ ነው መንገዱን በልቶ ሳይጠግብ የሞተው። የጀመረውን ልጁ ትጨርሰዋለች። ይህን ለማስቆም የሚመጣ ሰው ከእንግዲህ በበሬ አይግባ።» ሽማግሌዎቹም ተመካክረው፣ እናት ካለች ልጅን ማስተማር የእናት ነው ብለው ፈረዱ። ሰሚራ ተመለሰች። አያ ይማም ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ነፈገኝ።

አላህ ሥራው ብዙ ነው። ባለፈው ክረምት የአያ ይማም ዓይን ደፈረሰ። እዚህ ታየ፣ ብዙም አልተሻለው፤ የሚያውቁት ነጋዴዎች ካርቱም ሄዶ እንዲታይ መከሩት። ቋንቋ ከየት ያምጣ? ሚስቱን ላከብኝ። «ሰሚራን አብራው እንድትሄድ ፍቀጂ» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። ደሜ ፈላ። ትናንት በሽታ የተባለው ቋንቋ ዛሬ መድኃኒት ሲሆን ጊዜ እኛ ቤት ይፈለጋል? እንቢ ልል አፌን ስከፍት ሰሚራ ቀድማኝ «እሄዳለሁ» አለች። እኔም ተከትያት ሄድሁ።

ካርቱም ባየሃት። ልጅህ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ሐኪሙ ድረስ እያሳቀች መንገድ ስታስከፍት አየሁ። ሐኪሙ በሰሚራ አፍ «ዓይንህ ውስጥ ምን ጨምረህ ነበር?» ሲለው አያ ይማም አፍሮ «ምንም» አለ። ሰሚራ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ለኔ ንገረኝ፤ አሳምሬ እነግረዋለሁ» አለችው። የቅጠል ጭማቂ ሲያስጨምቅበት እንደከረመ ለሷ ነገራት። ሐኪሙ ያን ሲሰማ ሌላ መድኃኒት አዘዘ፤ ዓይኑም ዳነ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ንዴቴ ትንሽ ላላ።

ጎንደር ስንመለስ ግን እንኳን ለዚህ አበቃህ የሚለው ሰው ቤቱን ሞላው። እሱም ትራስ ተደግፎ «ሐኪሙ ሸጋ ሰው ነው፤ ሁሉን ነገር ተግባባን» እያለ ያወራል። ተግባባን! ሰሚራ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ስሟን የሚያነሣ የለም። ዝም ልል ነበር፤ አንተን አሰብሁና አልቻልሁም።

«አያ ይማም፣ በየትኛው ቋንቋ ነው የተግባባችሁት?» አልሁት።

የዳነ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጣለው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሰሚራ አነሣው። «በሷ» አለ።

ሰዉ ይበቃዋል ይለኛል። እኔ አልበቃኝም። በአንተ ላይ ያወራውን ገና አልመለሰውም፤ እስኪመልሰው ድረስ አልተውለትም። ታውቀኛለህ።

አሁን የምጽፍልህ ሰሚራ ልብስ እያጣጠፈች ነው። ረመዳን ከመግባቱ በፊት በድሬዳዋ አድርገን ጅቡቲ እንወርዳለን። ባልዋ የሞተባት ሴት ምን ያዞራታል ብለዋል፤ ይበሉ። ፈረንሳይኛዬ የተሰባበረ ነው፣ ይስቁብኝ ይሆናል። ሲስቁብኝ እኔም አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። ባሕሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት ከዚያው አገር ሰው አፍ ሰምቼ፣ አንተን በስምህ ጠርቼ፣ ዱዓ አደርግልሃለሁ።

አልረሳህም፣ ኑርዬ። ተቀምጬ ግን አላስታውስህም።

ባለቤትህ
ዘይነብ