ለልጅቷ ያልነገርናት

ለውድ ታናሽ እህቴ፣ ከነቤተሰብሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ።

የልጅ ልጄን የወሊድ መከላከያ ክኒን ጣልሁባት ተብሎ የደረሰሽ ወሬ ሐሰት ነው። እኔ ያደረግሁት መነጽሬን ሰክቼ ከክኒኑ ጋር የመጣውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ማንበብ ብቻ ነው። እሷማ «እማዬ፣ ነገ ፈተና አለብሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ክኒኑን ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው። በምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሥራ በዝቶ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ላይ አትነሣም። ወረቀቱ «አንድ እግር ብቻ ካበጠ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል» ስለሚል፣ ዛሬ ስትመለስ በራሷ ሜትር ባቷን ለካሁት፤ የግራው ከቀኙ በሦስት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። «ጫማው ነው» አለችኝ።

ክኒኑን ስትወስድ በሞላችው ቅጽ ላይ «ከቤተሰብ ደም የረጋበት ሰው አለ?» ለሚለው «የለም» ብላለች። ከየት ታውቀዋለች? ታላቅ እህታችን ክኒን ትወስድ እንደነበርና ደም ረግቶባት እንደሞተች ሰው እንዳይሰማብን፣ «ድንገት ሞተች» እያልን አይደል ያሳደግናት? እስቲ አስታውሺ፤ መጀመሪያ ያበጠው የትኛው እግሯ ነበር?

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ነገ ገና ሲነጋ ታክሲ እጠራለሁ፤ ለአሠሪዋ ሥራ እንደማትገባ እነግራለሁ፤ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፤ ከዚያ ሐኪሙ ሳይጠይቀኝ፣ ልጅቷ እየሰማች፣ የታላቃችንን ነገር ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

እህትሽ