ተጠሪ ፍለጋ በጀሪፍ

ዓርብ

ሁሉም «ዘይነብ ትሁን» አሉ፤ ዘይነብ ግን እምቢ አለች። እኔም እንደዚያው ጻፍኩ።

ስብሰባው ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር፣ እትዬ ፋጡማ ቤት ነበር። የማኅበሩ አሥራ አንዱም ሴቶች መጡ። በዕድሜ ሥራ ካቆመችው ከእትዬ ፋጡማ በቀር፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲያበስሉና ሲያጸዱ ከርመው የራሳቸው የሚሆኑት ዓርብ ብቻ ነው። በዚያች ቀን ደግሞ በማረፍ ፈንታ ድልካ ያቦካሉ፤ የሱዳን ሙሽሮች ገላቸውን የሚታሹበትን፣ ሽታው ሰፈር የሚያውደውን ሊጥ። የወሎ ልጆች ናቸው፤ ሙያውን የለመዱት በአሠሪዎቻቸው ጓዳ ነው። ዛሬ ግን የዘይነብን ድልካ የሚያህል የካርቱም ሴት አታቦካም። (አባቴ ይህን ቢያነብ ለአገሩ ሴቶች ይቆረቆር ነበር። ደግነቱ አማርኛ አያነብም። እናቴ በግድ ያስተማረችኝ ፊደል የጠቀመኝ እዚህ ደብተር ላይ ነው።)

እነሱ ጋ የተመደብኩት ለስድስት ወር ነው። ድርጅታችን እንደኔ ያሉ ወጣቶችን በየሰፈሩ ማኅበር ይመድባል፤ ሰዎቹ የራሳቸውን ሥራ እስኪያቆሙ አብረን እንሮጣለን። ማኅበሩ ተጠሪ ከመረጠ የሥራ ክፍልና የቅመም መፍጫ ያገኛል። ሌላው ሁሉ አልቋል፤ የቀረው ተጠሪ ብቻ ነበር።

«ዘይነብ፣ ትቀበያለሽ?» አልኳት።

«እኔ? ኧረ በአላህ ተይኝ! እኔ ምን አውቄ? ስንት የሚሻል ሰው እያለ!» አለች፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና።

ሥልጠና ላይ ማንንም አታስገድዱ፣ እምቢ ያለ እምቢ ብሏል ተብለናል። «አልፈለገችም» ብዬ ጻፍኩ። የቀሩትን በየተራ ጠየቅኩ። «ዘይነብ እያለች እኔ?» አሉ አንድ በአንድ። ቢሮው ሌላ መላ አያጣም ብዬ ቅጹ ላይ «ተጠሪ፦ የለም» ሞልቼ እዚያው በስልኬ ላክሁት። ማንንም ባለማስገደዴ ኮራሁ።

ዘይነብ ራሴን አመመኝ ብላ ቀድማን ወጣች።

ቅዳሜ

ዘይነብ ጋ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳችም። የአሠሪዋ እንግዶች በዝተው ይሆናል።

የዛሬ ሥራ፦ ለማኅበሩ ሊከራይ የታሰበውን ክፍል ግድግዳ ለካሁ። ባለቤቱ መስኮቱን ሊያሰፋልን ተስማማ (ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ልጆቹ ካወራኝ በኋላ)። መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። እትዬ ፋጡማ ያበሰለችውን ይዛ መጥታ «ከስተሻል፣ ሰሉ» አለችኝ። አልከሳሁም፤ እሷ ግን ሰልማ የሚለውን ስሜን አቆላምጣ ስትጠራኝ የሰጠችኝን ሁሉ እበላለሁ።

እሑድ

ቢሮ ተጠራሁ። የኛ ኃላፊ ኡስታዝ ሐሰን ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ሰልማ፣ ተጠሪ የሌለው ማኅበር ክፍል በማን ስም ይከራያል?» አለኝ። ቁጣ የለውም፤ የሱ ችግር ቁጣ አለማወቁ ነው፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እስከ ሐሙስ ስም ካላመጣሁ ክፍሉም መፍጫውም ከከተማው ዳር ሶባ ላሉት ልብስ ሰፊዎች ይሰጣል። እኔም ወደዚያው እዛወራለሁ።

የሶባ መንገድ ርዝመት አይደለም ያስጨነቀኝ። ስመለስ ሐፍላ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጬ እነዚያን አሥራ አንድ ሴቶች እንደምወዳቸው ገባኝ። ሥራዬን እወዳለሁ እል ነበር። ሥራውን አይደለም፤ እነሱን ነው።

ሰኞ

አል-ማንሺያ ሰፈር ሄድኩ። የዘይነብ አሠሪዎች ቤት በስተጀርባ ትንሽ በር አለው፤ በዚያ አስገባችኝ። የከርከዴ ጭማቂ ቀዳችልኝ። ወንበሩን በልብሷ ጠረገችልኝ።

«እንዴት ነሽ፣ ኡስታዛ?» አለችኝ።

ኡስታዛ! እንደ ቢሮ ሰው! ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ «ልጄ» እንጂ ሌላ ጠርታኝ አታውቅም።

«ዘይነብ፣ እባክሽ፣ ተጠሪ ሁኚልን» አልኳት።

«ተጽፎ ሄዷል አይደል? ኸላስ፣ ያለቀ ነገር ነው» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች።

ማታ ራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ስንት ጊዜ ጠየቅሻት?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ ጠይቀሽ፣ በሰው ፊት፣ ‹አልፈለገችም› ብለሽ ጻፍሽ?» አለች እናቴ። «ታዲያ ምን እንድትል ነበር የፈለግሽው? ‹አዎ፣ ለእኔ ነው የሚገባው› እንድትል? ምን ዓይን አውጣ ሴት መሰለችሽ?»

እንግዳ ሆኜ ስሄድ ብይ ሲሉኝ ሁለቴ ጠግቤያለሁ ብዬ በሦስተኛው እጄን የምታጠብ እኔ ነኝ። ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ እስክለመን እጠብቃለሁ። ቅጽ ስይዝ ግን ይሄ ሁሉ ጠፋብኝ። ዘይነብ ሹመቱን ፈልጋዋለች። እስክለምናት ጠብቃ ነበር፣ እኔ ብዕሬን አወጣሁ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ማክሰኞ

በጠዋት እትዬ ፋጡማ ዘንድ። ከሁሉም ታላቅ እሷ ናት። ጥፋቴን ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እኛማ አንቺ ትለምኛታለሽ ብለን ዝም አልን። ስትጽፊ ጊዜ የመንግሥት ነገር ነው ብለን ፈራን!»

«አሁን ሄጄ ሦስት ጊዜ ልለምናት?»

«አንቺ አይደለሽም። አሁንማ ተከፍታለች። ታላቅ ነው የሚለምን፣ ሁሉም ባለበት። አምጪልኝና ተይኝ።»

ማምጣቱ ነው ጉዱ። እስከ ዓርብ ከሥራ የሚፈታ የለም፤ ዓርብ ደግሞ ከሐሙስ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየአሠሪው ቤት እየዞርኩ ለነገ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ስለምን ዋልኩ። አንዷ እመቤት ወዲያው ፈቀደች። አንዷ «ለምን?» ብላ ሦስቴ አስረዳችኝ፣ ማለቴ አስረዳኋት፤ ደክሞኛል። አንዷ የመጀመሪያው ድልካ ለልጄ ሰርግ ይሁን ብላ አስማለችኝ። ውሻ ያለበት ቤት አልገባሁም፤ ከእመቤቷ ጋር በአጥር ላይ ተጯጯህን። የዘይነብ እመቤት «እሷ ከሌለች ሻይ ማን ያፈላልኛል?» አሉ። «ዛሬ እኔ አፍልቼልዎት፣ ነገ አንድ ሰዓት ይፍቀዱላት» አልኳቸው። አፈላሁ። ጠጥተው ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ግን ፈቀዱ።

አሥሩ ተገኙ። ከዘይነብ ጋር አሥራ አንድ። ኢንሻአላህ።

ረቡዕ

ዓባይ ወንዝ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር። ሁሉም መጡ፤ ግማሾቹ ሽርጣቸውን እንኳ አልፈቱም። ዘይነብ ለምን እንደተጠራች ስታውቅ ልትመለስ ፈልጋ ነበር፤ እትዬ ፋጡማ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ዘይነብ፣ ማኅበሩን ያዥልን።»

«እኔ አይሆንልኝም፣ እትዬ።»

አንዷ ሳለች።

«ዘይነብ፣ ስለ ልጆቻችን ብለሽ ያዥልን።»

«የሚሻል ፈልጉ። እኔን ተዉኝ።»

ዘይነብ መሬት መሬቱን ታያለች። ቅያሜዋ ገና አልወጣም፤ ያስታውቃል። የሠራሁት ስሕተት የማይመለስ ከሆነስ ብዬ የምሬን ፈራሁ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እትዬ ፋጡማ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቆንጣጭ ናት።

ከዚያ እትዬ ፋጡማ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ተነሥታ ቆመች። ሁሉም ተነሡ። እኔም።

«ዘይነብ፣ ቆመን ነው የምንለምንሽ።»

«ኧረ ተቀመጡ! ተቀመጡ በአላህ!» አለች ዘይነብ፣ እጇን እያርገበገበች። «እሺ። እሺ አልኩ፤ ተቀመጡ!»

እትዬ ፋጡማ እጇን ዘርግታ መረቀቻት። አሚን ስንል መንገደኛ ቆሞ አየን። ዘይነብ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች፤ እኔም ሳልሸፍን አለቀስኩ። ከዚያ ወደኔ ዞራ «በይ እንግዲህ ጻፊ፣ ልጄ» አለችኝ።

ልጄ አለችኝ! ሌላው ሁሉ ይቅር።

ሐሙስ

ዘይነብ ለመፈረም አብራኝ ቢሮ መጣች። አዲስ ቶብ ለብሳ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስሟን በዐረብኛ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ጻፈች። ኡስታዝ ሐሰን ማኅተሙን መታ። ክፍሉ የኛ ነው። መፍጫው የኛ ነው። ከጠረጴዛው በታች እጇን ያዝኩ፤ በላብ ርሷል።

ከዚያ ኡስታዝ ሐሰን ሌላ ወረቀት ሳበ። ሶባም ሰው ይፈልጋል፤ ከዚህ ወዲያ ጀሪፍ ማን ይሁን የሚለውን መጻፍ አለበት። «አንቺስ፣ ሰልማ? እዚሁ መቆየት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ለኔ ግድ የለም» አልኩት። «ከኔ የሚሻል ካለ ይመደብ።»

በአላህ፣ አፌ ነው የተናገረው! ልቤ «አይሆንም፣ አይሆንም» ይላል። እሱ ራሱን ነቀነቀና ብዕሩን አነሳ። ማንንም አታስገድዱ ብሎ ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሲነካ አየሁ።

ዘይነብ እጇን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረገች።

«ኡስታዝ፣ አትጻፍ» አለችው፣ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ። «ደግመህ ጠይቃት።»

ግራ ገብቶት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ደግሞ ጠየቀኝ።

«እቆያለሁ!» አልኩ። ሦስተኛውን መጠበቅ አቃተኝ።