የመርዳሳ ሻሽ

ናዝሬት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጅነት ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብዬ ነው እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጤናህን ለማወቅ አልጓጓሁም። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ መንበርከክ ከተወች ቆይታለች።

መጽሐፍህ ደርሶናል። «የኛው መርዳሳ ታተመ! ለእማማ አንብቢላት» ብለህ ጽፈህበታል። አቤት ደስታዬ! ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁ። ባቡር ጣቢያው ጋ ሽፋናቸው የተገነጠለ የፈረንጅ የጀብዱ መጻሕፍት እየተከራየን ስናነብ፣ «የኛስ ጀግና የታለ?» ብለን በደብተር የፈጠርነው መርዳሳ! ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ከመተሐራ ላንጋኖ በፈረስ የሚጋልበው፣ አዋሽ ወንዝ ውስጥ ከአዞ ጋር የሚተናነቀው። አዞውን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ሕጉን የጻፍኩት እኔ። መርዳሳ የተደበቀ ሰው አሳልፎ አይሰጥም። ትዝ ይልሃል?

አዲሱ ጓድ መርዳሳህ ሻሹን ጥሏል። የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ በላንድሮቨር ይመጣል። ይሁን፣ ዘመኑ ነው ብዬ ለእማዬ ማንበቤን ቀጠልኩ። ገጽ አርባ አንድ ላይ አንድ ቤት ገባ። ቁምሳጥኑን ገፋ። ቀና ሲል የኮርኒሱ አቡጀዲ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።

ያ የእኛ ቤት ኮርኒስ ነው።

ወንድሜ ኃይለየሱስ እዚያ ኮርኒስ ላይ መደበቁን ከእኛ ሌላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። አቡጀዲው የተቀደደው ግን በተያዘበት ዕለት ጠዋት ነው። ነጭ ክር አጥቼ በሰማያዊ ሰፋሁት። ከሰዓት በኋላ ታጣቂዎች መጥተው አቡጀዲውን ቦጫጭቀው ኃይለየሱስን አወረዱት፤ ጨርቁን እማዬ ያኔውኑ አቃጠለችው። አንተ ደግሞ ያን ሳምንት ሻሸመኔ ነበርኩ ብለኸናል።

ከታጣቂዎቹ ኋላ ፊቱን በሻሽ የሸፈነ አንድ ሰው ነበር። ቃል አልተነፈሰም፤ በጣቱ ብቻ ወደ ቁምሳጥኑ ጠቆመ።

ወይ አንተ! ኃይለየሱስ በወጣበት ቀረ። እኛ ደግሞ ሳሉን ሰምታ ጠቁማለች ብለን ጎረቤታችንን ወይዘሮ አበዛሽን ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም ነፈግናት።

እማዬ «ከዚያስ?» አለችኝ። ከመጽሐፉ ላይ ዓይኔን ሳላነሳ የድሮውን መርዳሳ አነበብኩላት፦ ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው መለሰና «እዚህ ቤት ማንም የለም» ብሎ ወጣ። እንዲህ የሚል በመጽሐፍህ ውስጥ የለም። እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሳች።

ጠዋት ስነሳ አጣኋት። ብፈልጋት፣ ወይዘሮ አበዛሽ ደጃፍ ላይ ድንጋይ በትከሻዋ ተሸክማ ተንበርክካለች። ወይዘሮ አበዛሽ እያለቀሰች ልታነሳት ትታገላለች። እማዬ ምን እንደገባት አልጠየቅኳትም።

መጽሐፉን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሰው እጅ መልሼልሃለሁ። ደብተሩ እኔ ጋ ይቆያል። ለገና እመጣለሁ ያልከውን ተወው፤ እማዬ በሩን ከፍታ ልታስገባህ ትችላለች፣ እኔ ግን ያን ስታደርግ ማየት አልችልም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የሠራኸውን የማትረሳበት ረጅም ዕድሜ።

የኃይለየሱስ እህት