ከወለሉ በታች የነበረችው ምእመን

ለተከበራችሁ የወደብ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ጉባኤ
ቭሊሲንገን

የሰላም አምላክ ጤናችሁን ይጠብቅልኝ፤ ሪህ ያደከመውን ጉልበታችሁን ያበርታልኝ እያልኩ፣ እኔ የመርከብ አናጺው ሌንደርት ባስ ይህን ደብዳቤ በአክብሮት አቀርባለሁ። ግልባጩን በዓሣ ገበያው በር ላይ የለጠፍኩት ትሕትናችሁ ተሰውሮ እንዳይቀር ብዬ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ተቀበሉ። ባለፈው ማክሰኞ አፊባ የምትባለው ሴት ምእመን ልሁን ብላ ፊታችሁ በቀረበች ጊዜ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣችሁ፣ አንድም ወንበር ሳትሰጧት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት አቁማችኋታል።

አፊባን የማያውቅ ቢኖር፣ ከባሕር ማዶው ቅኝ ግዛታችን ከሱሪናም ከተመለሱት ባለ እርሻ መበለት ከወይዘሮ ፒተርኔላ ጋር የመጣች ባሪያቸው ናት። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ያኮሚና በተኛችባቸው ሰባት ወራት ያስታመመችልኝ እሷ ነች። ወይዘሮዋ በዚህ ሳምንት ወደ እርሻቸው ሲመለሱ ይዘዋት ሊሄዱ ነው። አንድ የከተማችን ዳኛ ግን ስሟ በእናንተ መዝገብ ከገባ ያለ ፈቃዷ መርከብ ላይ እንዳትጫን አደርጋለሁ ብሎኛል። እንግዲህ የምንለምናችሁ አንድ መስመር ቀለም ነው። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው፤

፩ኛ፤ ከሌላ ስፍራ የመጣ ሰው ከቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ያለበት የምስክር ደብዳቤ ማምጣት እንዳለበት የታወቀ ሥርዓት ነው፤ እሷንም ጠየቃችኋት። አፊባ መዋሸት አታውቅበትም። በጊኒ ጠረፍ ባሪያ በሚሸጥበት ምሽጋችን መርከብ እስኪመጣ ሦስት ወር እንደታሰረች፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከእስር ቤቱ በላይ እንደነበረ ነገረቻችሁ። «እናንተ ከላይ ትዘምሩ ነበር፤ እኔ ከወለሉ በታች ነበርኩ። ዜማውን የለመድኩት እዚያ ነው» አለች። ሽማግሌ ማሪኑስም ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «የኔ ልጅ፣ ከወለል በታች ያለ ሰው እኮ ምእመን አይባልም» አሏት። ትምህርቴ ትንሽ ነውና ምእመንነት በፎቅ እንደሚለካ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ስላስተማራችሁኝ ደግሜ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፤ ማኅተም የላትም መባሉ ግን ስሕተት ነው። ሚስቴን ስታነሣ የትከሻ ልብሷ ተንሸራቶ ትከሻዋን አይቻለሁ፤ በጋለ ብረት የታተሙ ሁለት የምሽጉ ፊደላት አሉበት። የእኛ ሁሉ ደብዳቤ ውኃ ቢነካው ይጠፋል፤ የእሷ አይጠፋም። ጉድለቱ በመዝገብ ቤቱ ሣጥን ተጣጥፎ አለመግባቱ ብቻ ነው።

፫ኛውን በእናንተ ላይ ልጽፍ ብዕር ባነሣ በራሴ ላይ ወጣ። ከሠላሳ ዓመት በፊት መርከባችን በዚያው ምሽግ ፊት መልሕቋን ጥላ ሳለች፣ ከታች የሚመጣው ጩኸት ስብከቱን ስለረበሸ የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ክፍተት እንድደፍን ተጠራሁ። ደፈንኩት። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ሰባኪውም መረቁኝ። ወደ አገሬ ስመለስ በመዝገባችሁ «በእምነቱም በአካሄዱም ነቀፋ የሌለበት» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። አፊባ በአልጋው አጠገብ ያንን ዜማ ስታንጎራጉር ያኮሚና ከየት እንዳገኘችው ጠየቀቻት፤ ሰማችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሌንደርት፣ ያን ወለል አንተ አልነበርክ የደፈንከው?» አለችኝ። መልሴን ሳትሰማ ሞተች፤ ለእሷ ያልመለስኩትን ለእናንተ እጽፋለሁ፤ አዎን፣ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ «ነቀፋ የሌለበት» የሚለውን ከስሜ አጠገብ ፍቃችሁ እንድታጠፉልኝ እለምናለሁ። የተፋቀው ቦታ ለአንዲት ሴት ስም በደንብ ይበቃል።

ትዕግሥታችሁ እንደ ወንበራችሁ የጸና እንዲሆን እየጸለይኩ፣ ከሁላችሁ በታች፣ ግን ገና ከወለሉ በላይ ያለሁት ታናሽ ወንድማችሁ
ሌንደርት ባስ
ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ፲፯፻፷፰

ማሳሰቢያ፤ የወይዘሮ ፒተርኔላ ሣጥኖች ዛሬ ጠዋት መርከቡ ላይ ተጭነዋል። አፊባ ግን በቤቴ፣ በሚስቴ ወንበር ተቀምጣለች፤ በሩንም ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። ሊወስዳት ሰው የምትልኩ ከሆነ፣ ከቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ያለበት የምስክር ደብዳቤ ይዞ ይምጣ። ደብዳቤ የሌለውን እንዳላስገባ ከእናንተ ተምሬያለሁ።