«አደብ ግዛ» የተባለው ብስኩት

ሰኔ 3
ከተማችን ታይናን ዛሬም በሙቀት ትጠብሳለች። የአባዬን ድምፅ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀዳሁ። በመቅደስ በዓል ላይ በትያትር የሚያጫውታቸውን አሻንጉሊቶች ሁሉ በየድምፃቸው… ጄኔራሉን፣ ሰካራሙን መነኩሴ፣ ምራቷን የምትነዘንዘውን አሮጊት። ሰኔ 9 ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም።

ሰኔ 5
ዛሬ ጉድ ሆንን!
ኮምፒውተሩ ሞልቶ ነበር፤ ቅጂውን ወደ ፍላሽ አዛወርኩት። ታናሽ ወንድሜ ቦ-ሼንግ ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ ደጅ አቁሞ ገባ። ፍላሹን ለመቅደሱ በዓል ሊያደርስ።
«ቆይ! ሳትነቅለው መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ‹ፍላሹን አስወጣ› በለው!»
«እትዬ፣ ማዛወሩ አልቋል ይላል እኮ። ደግሞ አረንጓዴው አለልን!»
ፍላሹን መዞ ሄደ። አረንጓዴው ማለት ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው የብስኩት ከረጢት ነው። ስሙ «አደብ ግዛ» ስለሆነ ማሽን አያስቸግርም ይባላል። አገሩ ሁሉ ያስቀምጣል።
መቅደስ ሲከፍቱት… የፋይሉ ስም ብቻ። ውስጡ ባዶ።

ሰኔ 6
ቦ-ሼንግ ምን አደረገ? ከረጢቱን ገልብጦ አነበበ።
«አየሽ? ጊዜው አልፎበታል። ለዚህ ነው!»
ደሜ ፈላ። ብስኩቱን ማሽኑ ላይ ሳይሆን እሱ ግንባር ላይ ነበር መለጠፍ!
ኮምፒውተር ጠጋኙም ምንም አላገኘም። «ኮፒ ማድረግ ሲቻል ማነው ዋናውን ቆርጦ ያዛወረው?» አለ።
እኔ ነኝ።  ቦ-ሼንግ ሊያጋልጠኝ ይችል ነበር… አላደረገውም። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ሰኔ 8
ለአባዬ ነገርነው። ሳቀ፣ ከዚያ ሳል ያዘው። «ትንሽ ድምፅ ቀርቶልኛል፣ መቅጃውን አምጪው» አለ።
አርባ ደቂቃ ብቻ። መነኩሴው ወጣለት፣ አሮጊቷም። ጄኔራሉ ግን እምቢ አለ። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው።
ቅጂውን ሁለት ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረግኩት። ኮምፒውተሩ «አሁን ማውጣት ይችላሉ» እስኪል ቦ-ሼንግ ሁለት እጁን ቂጡ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ካወጣሁት በኋላ መልሼ ከፍቼ ሰማሁት። አለ።

ሰኔ 17
ሆስፒታል። አባዬ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቅጂውን አሰማነው። ሰካራሙ መነኩሴ ሲስቅ የአባዬ ትከሻ ተነቃነቀ። ሲያልቅ በእጁ ምልክት ወረቀት ጠይቆ ጻፈ፦
«ጄኔራሉስ?»
በራሴ ተናደድኩ፣ በቦ-ሼንግ ተናደድኩ፣ በዚያ ብስኩት ሳይቀር።
ቦ-ሼንግ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠራርጎ የጄኔራሉን ፉከራ ጀመረ። የፍየል ድምፅ! ነርሷ ሳቀች። እሱ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ያውቀዋል። መቼ አጠናው?
አባዬ እጁን አንስቶ አስቆመው። ጻፈ፦
«አትቸኩል።»
ቦ-ሼንግ ከመጀመሪያው ጀመረ። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ።